አምስተኛዋ ጥይት

የእትዬ ጽጌን ማረፍ የሰማሁት ሠልስቷ ካለፈ በኋላ ነው። ናዝሬት የእህቷ ልጅ ዘንድ ነበር የምትኖረው። ልጅቷ ደውላ፣ «ምንም አልታመመችም፤ በእንቅልፏ ነው የሄደችው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እትዬ ጠመንጃ ትተኩስ ነበር እንዴ? ለቅሶ ላይ አንዲት አሮጊት ስታወራ ሰምቼ ነው» አለች። «አዎ፣ ትተኩስ ነበር» አልኳት። ሳቀች። ያመነችኝ አልመሰለኝም። እኔም በስልክ የሚወራ ነገር አይደለም ብዬ ተውኩት።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ጣሊያን ከወጣ ገና ብዙ ዘመን አልሆነም። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው፤ እኔ አዲስ ተጋቢ፣ እነሱ ደግሞ ልጅ ሳይወልዱ ብዙ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት። ባሌ ተሰማና የእትዬ ጽጌ ባል ጋሽ ኃይሉ አንድ ላይ የባቡር ጥገና ይሠሩ ነበር። እሁድ እሁድ ደግሞ አብረው አደን ይወጣሉ።

ጋሽ ኃይሉ አንዲት የአደን ጠመንጃ ነበረችው። መዝጊያዋን በእጅ ወደ ላይ አንስቶ ወደ ኋላ መሳብ፣ ጥይት ማጉረስ፣ መልሶ መዝጋት ያስፈልጋል፤ አንድ በተኮሰ ቁጥር እንደገና ይኸው ነው። ለዚህች ጠመንጃ ጥይቱን የሚሞላው ራሱ ነበር። የተተኮሰውን ቀለህ አጽድቶ ካፕሱል ይገጥምለታል። ካፕሱል የምንላት በቀለሁ መቀመጫ ላይ የምትገባ ትንሽ ቆብ ናት፤ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት ባሩዱን የምታቀጣጥለው እሷ ነች። ከዚያ ባሩዱን መዝኖ ያስገባል፣ እርሳሱን ከላይ ይደፍንበታል። በመጨረሻ ርጥበት እንዳይገባ ብሎ የካፕሱሏን ፊት ቀይ ቀለም ይቀባዋል።

ባሩዱን የምትመዝንለት እትዬ ጽጌ ነበረች። የወርቅ አንጥረኞች የሚይዟት ዓይነት ሚዛን ነበረቻት። ስትመዝን ትንፋሿን ትይዛለች፤ ትንፋሽ ሚዛኑን ያነቃንቀዋል። ይህ ልማድ ሆኖባት በሌላም ጊዜ፣ የምታስብበት ነገር ሲገጥማት፣ ትንፋሿን ትይዝ ነበር። ሰው ሲያናግራት ወዲያው አትመልስም። ዓይኗን አንድ ቦታ ተክላ፣ ደረቷ ቀጥ ብሎ ትቆያለች፤ የማያውቃት ሰው የታመመች ይመስለዋል። ከዚያ ቀስ ብላ ታወጣውና ትመልሳለች። አዲስ መጥቼ ሳለሁ ይህ ነገሯ ያስፈራኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ጋሽ ኃይሉ የተኮሰበትን ወረቀት ይዞ ይመጣል። መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ የተሳለበት ወረቀት ነው። አምስት አምስት ጥይት ይተኩስበታል። አራቱ ቀዳዳ ሁልጊዜ እርስ በርሱ የተነካካ ነው፤ አንዱ ብቻ ወደ ታች ወደ ቀኝ ፈንጠር ይላል። እትዬ ጽጌ ወረቀቱን ለፀሐይ ይዛ ትስቅበታለች።

«ይኼው ትከሻህ! መጨረሻ ላይ ግፊያዋን ትፈራለህ።»

«ትከሻዬ ነው፤ ምን ላድርገው» ይላል እሱም እየሳቀ።

ወረቀቶቹን ቤታቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅሏቸው ነበር። በሁሉም ላይ አራቱ አንድ ላይ፣ አንዷ ብቻዋን።

አንድ እሁድ ተሰማ ብቻውን እየሮጠ መጣ። ሸሚዙ በደም ርሷል፤ የሱ ደም ግን አልነበረም። ጋሽ ኃይሉ ደቻቱ ወንዝ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ደረቁ ወንዝ በሁለት ገደል መሐል የሚገባበት ቦታ ሲተኩስ፣ ምላጩን ቢስብ ጥይቱ አልነሳም አለ። ጠቅ ብቻ አለ። ጥቂት ጠበቀና የከሸፈ መስሎት መዝጊያውን አነሳው። ጥይቱ በዚያች ቅጽበት ፈነዳ። የመዝጊያው ብረት ወደ ኋላ ተወርውሮ ፊቱን መታው። ተሰማ ሲደርስለት እስትንፋሱ የለም።

ለቅሶው ላይ የጋሽ ኃይሉ ታናሽ ወንድም አሥር አለቃ በላይ ከሐረር መጣ። ወታደር ነው፤ ቁጡ ሰው። ካፕሱሉ የተገዛው መጋላ ውስጥ ሱቅ ካለው ከሳሌህ መሆኑን ሲሰማ ድንኳኑ መሐል ቆሞ፣ «ወንድሜን የገደለው የበሰበሰ ዕቃ የሸጠለት ያ ዓረብ ነው! አርባው እስኪወጣ ነው የምታገሠው» አለ። ሽጉጡን ሁላችንም አይተነዋል።

ሳሌህ የየመን ሰው ቢሆንም እዚያው ድሬዳዋ ነው ያደገው። በማግስቱ ሱቁን ዘጋ። ለቅሶ ሊደርስ በጓሮ በኩል መጥቶ እትዬ ጽጌ እግር ሥር ተቀመጠ።

«ወላሂ እትዬ ጽጌ፣ ካፕሱሉ አዲስ ነው። ጅቡቲ መጣ፣ እኔ ራሴ ነው ሳጥኑን የከፈትኩ። ኃይሉ ወንድሜ ነው እኮ! አንቺ ታውቂያለሽ።»

እትዬ ጽጌ ትንፋሿን ያዘች። በጣም ቆየች። ከዚያ፣ «አላውቅም ሳሌህ፤ አያለሁ» አለችው።

ምን እንደምታይ የገባን ሳምንት ቆይቶ ነው። አንድ ማለዳ በሬን አንኳኳች። ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ጠመንጃዋን በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። ጠመንጃዋን ባለሙያ ዘንድ ወስዳ የተጎዳውን አስለውጣና አስመርምራ ነበር።

«ባሌ የሞላቸው ጥይቶች አንድ ሳጥን ቀርተዋል» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ከሳሌህ ሳጥን ከተረፈው ካፕሱል ሌላ ሞልቻለሁ። ያው ባሩድ፣ ያው ሚዛን። ሁለቱንም እተኩሳለሁ። አርባው ሲወጣ በበላይና በሳሌህ ነገር ሽማግሌዎች ሳይቀመጡ ካፕሱሉ በሽተኛ መሆን አለመሆኑን ማወቅ አለብኝ። ሴት ብቻዋን ገደል ውስጥ ስትተኩስ ሰው ምን ይላል? አብረሽኝ ነይ።»

«እትዬ፣ ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?»

«እሱ ካስተማረኝ ስንት ዘመኑ! አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ነው።»

ሄድን። ጋሽ ኃይሉ የሞተበት ቦታ ራሱ ነው። በጠዋት ነፋስ የለም፣ አሸዋውም ገና አልጋለም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እሷ የሰፋቻቸውን አሸዋ የተሞሉ ከረጢቶች ደረደረች፤ ጠመንጃውን አስተኛችበት፤ ነጠላዋን አጥፋ ጉንጯ ሥር አደረገች። አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ነፋሱን ለካች። ከዚያ ሁለት ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትከፍታቸው ሌላ ሰው ሆነች። እኔ ወረቀቱ አጠገብ ካለው ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ እደበቃለሁ፤ አምስት ጥይት ስትጨርስ ጠመንጃውን ከፍታ ባዶ መሆኑን ታይና «ለውጪ!» ትላለች፤ ወጥቼ ወረቀቱን እለውጣለሁ።

መጀመሪያ ራሷ የሞላቻቸውን ተኮሰች። አምስቱም አንድ ቦታ ገቡ፤ የስኒ አፍ ይሸፍናቸዋል። ሁለተኛውም ወረቀት እንዲሁ። ሦስተኛውም። የሳሌህ ካፕሱል አንድም ጊዜ አልዘገየም።

ቀጥላ የጋሽ ኃይሉን ሳጥን ከፈተች። ጥይቶቹ አምስት አምስት ሆነው በረድፍ ተደርድረዋል። ከመጀመሪያው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ እያነሳች ተኮሰቻቸው። «ለውጪ!» ስትለኝ ወጥቼ ወረቀቱን አየሁት። አራቱ አንድ ላይ ናቸው። አንዷ ወደ ታች ወደ ቀኝ ፈንጠር ብላለች።

ወስጄ ሰጠኋት። ለፀሐይ ያዘችው። ቀዳዳዎቹን ቆጠረች።

«እሱ ነው» አለች።

ሁለተኛው ረድፍ ያው ሆነ። ሦስተኛውም። የሷ ትከሻ፣ የሷ ዓይን፣ የሷ ጣት ነበር፤ ቀዳዳው ግን የሱ ቀዳዳ ነበር። ግድግዳ ላይ ካሉት ወረቀቶች አንዱን አውርዳ ያመጣችው ይመስል ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ የባሰ ነገር ሆነ። ከቋጥኙ ጀርባ ቁጭ ብዬ ተኩሱን ስጠብቅ፣ «ለውጪ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁ። ጠመንጃው ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ዞሯል። እትዬ ጽጌ ጣቷን ከምላጩ ላይ ነጠቀችና ጮኸች።

«ምን ሆነሻል! ጎርሷል እኮ!»

«ለውጪ አልሽኝ!»

«እኔ አልጠራሁሽም።»

ያኔ ነው የሰማሁት ድምፅ የሴት ድምፅ አለመሆኑ ትዝ ያለኝ። አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ገደሉ ድምፅ ያመላልሳል፤ ምናልባት ከላይ እረኛ ወይም ግመል ነጂ ተጣርቶ ይሆናል። ለተሰማም እንደዚያ አልኩት፤ ለራሴም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ብያለሁ። እትዬ ጽጌ ግን ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበር አልጠየቀችኝም። «ከዛሬ ጀምሮ ከኋላዬ ነው የምትቀመጪው» አለችኝ፤ አበቃ።

የዚያን ቀን ከሰዓት ቤቷ ስገባ የተረፉትን ጥይቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አገኘኋት። በመርፌ ጫፍ የካፕሱሎቹን ቀይ ቀለም ቀስ እያለች ትፍቃለች።

«ነይ እይ። ወረቀት አይዋሽም፤ አንዷን የሚለያት ነገር መኖር አለበት ብዬ ነው።»

አየሁ። በየረድፉ አራቱ ካፕሱል ከቀለሙ ሥር ቢጫ ነው። አምስተኛው ነጭ ነው፤ ያረጀ፣ ነጠብጣብ ያለበት ነጭ።

«ይኼ የጣሊያን ነው» አለች። «ጣሊያኖች ጥለውት ከሄዱት ጥይት እየፈታ ያወጣው። ዝናብ ሲደበድበው የኖረ ነው፤ ወንዝ ጣለው ብዬ ለመንኩት። እግሩ ላይ ወድቄ ነው የለመንኩት። ‹ጣልኩት› አለኝ።» ትንፋሿን ያዘች። «አዲሱ እንዳያልቅበት በየረድፉ አንድ አንድ እያስገባ ኖሯል። ቀለሙን የቀባው ለርጥበት አይደለም፤ እኔ እንዳላይ ነው። እኔ ደግሞ በትከሻው እስቃለሁ።»

እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ፣ «እንግዲህ ሳሌህ ነፃ ነው፤ ተመስገን» አልኩ።

«በላይ ይህን አይቶ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹ነጭ ስለሆነ ገደለው ያለሽ ማነው?› ነው የሚለኝ። መዘግየቱን በዓይን ማየት አለብን። ምስክርም ያስፈልገኛል።»

«እትዬ! እነዚያን ልትተኩሺ?»

«የቀሩት ጥቂት ናቸው።»

ተሰማ ሲሰማ ተቆጣ። ማንም ሊያስተዋት እንደማይችል ሲያውቅ ግን፣ «ብቻችሁን አትሄዱም» ብሎ ተከተለን። ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ እግሩ አልራመድ አለው። ከጋሽ ኃይሉ ሞት ወዲህ እዚያ ቦታ አልመጣም ነበር። ከኋላዬ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። «እሰማለሁ፤ ለምስክርነት መስማት ይበቃል» አለ።

እትዬ ጽጌ ነጭ ካፕሱል ያላቸውን ጥይቶች አንድ በአንድ ተኮሰች። ሁሉም ፈነዱ። ሁሉም ወደ ታች ወደ ቀኝ ሄዱ። አንዱም አልዘገየም። በመጨረሻ አንዲት ጥይት ቀረች። መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። አጎረሰች። ዘጋች። ጉንጯን ነጠላዋ ላይ አሳረፈች፤ ሁለት ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ምላጩን ሳበች።

ጠቅ።

ከኋላዬ ተሰማ እንደተወጋ ሰው ሲያቃስት ሰማሁ። ያንን ድምፅ ያውቀዋል።

ደንቡን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ ነው የሚቆየው፤ መዝጊያው አይነካም፤ ለረጅም ጊዜ ይጠበቃል። እትዬ ጽጌ አልተነቃነቀችም። ወንዙ ውስጥ ሲጮሁ የነበሩት ቁራዎች ዝም አሉ፤ ወይም እኔ መስማት አቆምኩ። አንድ የቁልቋል ቅጠል ላይ ያለ ዝንብ እንኳ ይታየኛል።

ከዚያ ቀኝ እጇን አየሁት። ከምላጩ ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሄዶ መዝጊያው እጀታ ላይ አረፈ።

«እትዬ!» አልኩ። አልመለሰችም። ትንፋሿን ይዛለች።

«እትዬ ጽጌ፣ አትንኪው!» ተሰማ ጮኸ፤ አሁንም አልዞረም።

ላነሳት እጄን ዘረጋሁ፤ ብነካትና እጇ ቢንቀሳቀስስ? ክንዴ በአየር ላይ ቀረ። ፊቷ መዝጊያው ላይ ነው፤ እሱ በሞተበት ጊዜ እንደነበረው። እጀታውን ጨበጠች። የእጇ ጅማት ሲገተር፣ ክንዷ ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ወደ ላይ እየገፋችው ነበር። እጀታው አልተነሳም።

ጠመንጃው ፈነዳ።

ድምፁ በሁለቱ ገደል መሐል ሲመላለስ እኔ መሬት ላይ ተደፍቼ አለቅስ ነበር። ቀና ስል እትዬ ጽጌ እንደተኛች ነች፤ ሞተች ብዬ ነበር። ከዚያ የያዘችው ትንፋሽ ወጣ፤ እንዲያ ያለ ረጅም ትንፋሽ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ወረቀቱን ያመጣው ተሰማ ነው። አምስተኛዋ ሁልጊዜ በምትሄድበት፣ ከታች በቀኝ፣ አዲስ ቀዳዳ የለም። ጥቁሩ ክብ መሐሉ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ አንድ ቀዳዳ አለ።

አርባው ወጥቶ ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ተቀመጡ። በላይ አንድ ወገን፣ ሳሌህ ሌላ ወገን ነው። ሳሌህ ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል። እትዬ ጽጌ ተነስታ ወረቀቶቹን፣ ቀለሆቹን፣ ነጮቹንና ቢጫዎቹን ካፕሱሎች ፊታቸው ዘረጋች። ሁሉንም ተናገረች። ጥይቷ ስትዘገይ የሰማ ብላ ተሰማን ጠራች፤ መሰከረ። እኔም መሰከርኩ።

በላይ ቆመ። ፊቱ ጠቁሯል።

«የሞተ ወንድሜን ውሸታም ታደርጊዋለሽ?»

ትንፋሿን ያዘች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጠበቋት።

«ውሸታም አላልኩም» አለች። «እኔን ዋሸኝ ነው ያልኩት። እሱ የኔ ጉዳይ ነው። ሳሌህን ግን እርስዎም እኔም የምንከስበት ነገር የለንም። ባሌን የገደለው የገዛ እጁ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የኦሮሞ አዛውንት፣ ነጩን ካፕሱል በጣታቸው አገላብጠው፣ «ዱጋ» አሉ በቋንቋቸው፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በላይ ጎንበስ ብሎ ከቀለሆቹ አንዱን አነሳና ኪሱ ከተተው፤ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ሐረር ተመለሰ፤ ሳሌህንም ሳይነካው ቀረ። ሳሌህ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ተሰማ ጠመንጃውን ሊያየው ወሰደው። እትዬ ጽጌ ያንን እጀታ ለማንሳት ስትታገል እንዳየሁ ነግሬዋለሁ። መዝጊያውን ከፈተው፤ ዘጋው፤ ደግሞ ከፈተው። በአንድ ጣት ይነሳል። ደጋግሞ ሞከረው። ምንም ችግር የለውም ብሎ ጥግ አስደግፎት ወጣ። ሁለታችን ቀረን።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው እጅሽን መዝጊያው ላይ ያደረግሽው?» አልኳት።

«ልከፍተው ነበር።»

«ለምን?»

«ጠቅ ሲል፣ እሱ በመጨረሻ የሰማው ይኸው ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ያየውን ልይ አልኩ።» እጆቿን ቀሚሷ ላይ አድርጋ ታያቸው ነበር። «የዋሸኝ ሰው ላይ መናደድ ይገባኝ ነበር፤ አልተናደድኩም። ብቻ ናፈቀኝ።»

«ጊዜው ባይሆን ነው፤ መዝጊያው ባይያዝ ኖሮ...» አልኩ።

«መዝጊያው አልተያዘም» አለች።

ትንፋሿን ያዘች። እኔም ሳላውቀው አብሬያት ያዝኩ።

«እጄ ላይ እጅ ነበረበት» አለችኝ። «ወደ ታች ይጫነኝ ነበር። ቀዝቃዛ አልነበረም።»